እስስት በማራባት የዳነ ጫካ የለም

«ይቺ ከዱር የተያዘች አይደለችም፤ እዚሁ የተወለደች ናት» አለኝ ሻጩ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ተሳቢ እንስሳት ብቻ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አፍንጫዋን ከመስታወቱ አልነቅል ብላለች። ከውስጥ፣ ጣት የምታህል አረንጓዴ እስስት በአንድ ዓይኗ ልጄን፣ በሌላው እኔን ታያለች። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ሰፈራችን አጥር ላይ ያየኋት እስስት ትዝ አለችኝ፤ ድንጋይ የወረወርንባት። ሻጩ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲናገር ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ቀለለኝ። ከማንም ጫካ አልሰረቅንም ማለት ነው። እንዲያውም አንድ ደግ ሥራ የሠራን መሰለኝና ካርዴን አውጥቼ ከፈልኩ።

ሰውየው ውሸታም አልነበረም። እስስቷ በእርግጥም አሜሪካ ውስጥ የተወለደች ነበረች። እንስሳቱንም ይወዳቸዋል፤ ይህ ከአያያዙ ይታያል። ጠቤ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ነው፤ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ከተሸከመው እምነት ጋር። እስስት የሚያሳድጉ ሰዎች፣ አሜሪካዊም ይሁኑ ጀርመናዊ፣ በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ ስለ መብራቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ፌንጣው ቀለብ ይከራከራሉ። በአንድ ነገር ግን አይለያዩም። ከዱር መያዝ ነውር ነው፣ ቤት ውስጥ ማራባት ግን ጽድቅ ነው ይላሉ። አርቢው ዘር ያድናል፣ ገዢው ደግሞ አዳኙን ያግዛል። ጫካው ነገ ቢመነጠር እንኳ እስስቷ በእኛ ሳሎን ትተርፋለች። ይህን እምነት ለሦስት ዓመት ያህል ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ላፈርሰው ነው።

በመጀመሪያ ግን የሚገባውን ልስጠው። ከዱር የሚያዙ እስስቶች ንግድ ዘግናኝ ነበር፤ ባለበትም ዛሬም ዘግናኝ ነው። ውሃ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ብቻ የሆነች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ሌላ እስስት በማየት ብቻ የምትጨነቅ እንስሳ ከብዙ መሰሎቿ ጋር በከረጢት ታጭቃ አህጉር ስትሻገር ምን እንደምትሆን መገመት አይከብድም። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አብዛኞቹን እስስቶች ቁጥጥር ውስጥ ያስገባው በ1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዓለም ካሉት ከ200 በላይ የእስስት ዝርያዎች ግማሽ የሚጠጉት መገኛቸው ማዳጋስካር ነች። ከዚያ የሚወጣው ብዛት ልክ ሲያጣ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአራት ዝርያዎች በስተቀር የእስስት ንግዷ ለዓመታት እንዲቆም ተደረገ። በዚህ መካከል አርቢዎች ብዙ ተማሩ። ያለ አልትራቫዮሌት መብራትና ያለ ካልሲየም አጥንቷ እንደሚለሰልስ፣ ሌሊት ቅዝቃዜ እንደሚያስፈልጋት፣ እንቁላሏ በምን ሙቀትና እርጥበት እንደሚፈለፈል አወቁ። ዛሬ አንድ ሰው የግድ እስስት ልግዛ ካለ፣ ከዱር ከተያዘችው ይልቅ በቤት የተወለደችው መቶ እጅ ትሻላለች። በዚህ አልከራከርም።

ነገር ግን «ከዚያኛው ይሻላል» ማለትና «ያድናል» ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ገበያ ነው። ሁለተኛው ስለ ጫካ ነው። ጥፋትን መቀነስም ማዳን አይባልም።

ማንን ነው የሚያራቡት? ለቤት ከሚሸጡት እስስቶች እጅግ የሚበዙት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንዷ የየመን እስስት ናት፤ ራሷ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት ያላት፣ አገሯ የመንና የሳውዲ ደቡብ ምዕራብ ተራራዎች የሆነች። (በሳውዲዋ አብሃ ከተማ አካባቢ የሠሩ ወገኖቻችን ሳያዩዋት አልቀሩም።) ሌላዋ የማዳጋስካሯ ፓንተር እስስት ናት፤ ወንዱ በየአካባቢው ቀለሙ ስለሚለይ «የአምቢሎቤው»፣ «የኖሲ ቤው» እየተባለ ዋጋ የሚወጣለት። እነዚህ ሁለቱ በገበያው የነገሡት የመጥፋት አደጋ ስላንዣበበባቸው አይደለም፤ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ሁለቱም «ብዙም የማያሰጉ» ከሚባሉት ወገን ናቸው። የነገሡት ጠንካራ ስለሆኑና በብዛት እንቁላል ስለሚጥሉ ነው። የየመኗ ሴት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። ስለዚህ ማዳን አያስፈልጋቸውም የተባሉትን በሺህ እናራባለን፤ ማዳን የሚያስፈልጋቸው ደግሞ በቤት አይራቡም፣ ቢራቡም ትርፍ የላቸውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸው ነው።

ማዳን ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ማላዊን ይመልከት። በደቡብ ማላዊ ኮረብቶች የምትኖር፣ በሳይንስ ስም ያገኘችው በ1992 የሆነ፣ የጣት ርዝመት እንኳ በቅጡ የማትሞላ አንዲት ደቃቅ እስስት አለች፤ የቻፕማን እስስት ትባላለች። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 2019 የመኖሪያ ጫካዋ 80 በመቶ ያህሉ ተመነጠረ። ጠፍታለች ተብሎ ተሰግቶ ነበር። በ2016 ተመራማሪዎች ማታ ማታ ባትሪ ይዘው በቀሩት ቁራጭ ጫካዎች ሲዞሩ አገኟት፤ ጥናቱም በ2021 ወጣ። ከዚያ ቀደም በ1998 ደግሞ ለመጠባበቂያ ያህል 37 እስስቶች ወስደው ወደ ሰሜን 95 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሌላ ጫካ ለቅቀዋቸው ነበር፤ እዚያም ከዓመታት በኋላ ተገኝተዋል። ልብ በሉ፣ ከጫካ ወደ ጫካ ነው የተወሰዱት። በመካከሉ የማንም ሳሎን፣ የማንም የመረብ ሳጥን የለም። በኮረብቶቹ ላይ የተረፉትም እያንዳንዳቸው በየቁራጫቸው ተለያይተው ነው ያሉት፤ ቁራጮቹ ካልተገናኙ በስተቀር የሚጠብቃቸው ግልጽ ነው። አንድ ሺህ አርቢ አንድ ሺህ የፓንተር እስስት ቢያስፈለፍል ለነዚህ አንድ ዛፍ አይተክልላቸውም።

አርቢው ሲጠየቅ «ለመጠባበቂያ ነው፣ አንድ ቀን እንመልሳቸዋለን» ይላል። የትኛውን ይመልሳል? ለቀለም ሲባል የአንዱ አካባቢ ወንድ ከሌላው አካባቢ ሴት ጋር የተዳቀለበትን? በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ፓንተር እስስት የምንላት ምናልባት 11 የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሏል። ይህ ልክ ከሆነ ብዙ አርቢ ሳያውቀው የሠራው የትም ጫካ ያልነበረ እንስሳ ነው። የሰው ቤት ውስጥ በትውልድ ላይ ትውልድ የኖረች እንስሳ ይዛ የምትሄደው በሽታም ሌላ ጣጣ ነው።

በተግባር ከሳጥን ወደ ዱር የወጡትስ? እነሱማ አሉ፤ ግን አገራቸው አልገቡም። በ1972 ከኬንያ የመጡ ባለ ሦስት ቀንድ የጃክሰን እስስቶች ሃዋይ ውስጥ ለአንድ የቤት እንስሳት ነጋዴ ደረሱ። ከመንገድ የተነሣ ከስተው ስለነበር ያገግሙ ብሎ ግቢው ውስጥ ለቀቃቸው። አገገሙ። ከዚያም አጥሩን አልፈው ሄዱ፤ ዛሬ በደሴቶቹ ላይ ተራብተው የአገሬውን ነፍሳትና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ቀንድ አውጣዎች ይበላሉ። የየመኗ ደግሞ በ2002 ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርት ማየርስ አካባቢ ዱር ገብታ ስትራባ ተገኘች። እዚያ ግን ነገሩ አደጋ ብቻ አይደለም። ሆን ብለው ዛፍ ላይ የሚለቅቋቸው፣ ከርመው ማታ በባትሪ እየለቀሙ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ለመብራት አይከፍሉም፣ ለፌንጣም አይከፍሉም፤ የፍሎሪዳ ሜዳ ይቀልብላቸዋል። እንግዲህ ሻጩ «እዚሁ የተወለደች ናት» ሲል ይህም ልክ ነው። እዚሁ ነው የተወለደችው።

አሁን ወደሚያሳምመኝ ልምጣ።

የአርቢዎች የመጨረሻ ምሽግ ይህ ነው፦ «ባይመቻት አትራባም። እንቁላል ጣለች ማለት ደስ ብሏታል ማለት ነው።» ልብ የሚያሳርፍ ነገር ነው፤ ዶሮ ላረባች አገር ልጅ በተለይ። እኔም አመንኩት። ልጄ እስስቷን ብርቱካን ብላ ሰየመቻት፤ አረንጓዴ እንስሳ ለምን ብርቱካን እንደተባለች አልጠየቅኳትም። ልጄ በየማለዳው ቅጠሉን ውሃ ትረጫለች፣ ፌንጣውን ካልሲየም ትነሰንሳለች። ስድስት ወር ገደማ ሲሆን የብርቱካን ሆድ አበጠ። ምግብ አቆመች። ሳጥኑ ታች ወርዳ ወለሉን በእጆቿ ትቧጭራለች፤ ያ ወለል ደግሞ ሻጩ «ለማጽዳት ይመቻል» ያለኝ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ልጄ «አባዬ፣ መውጣት ትፈልጋለች» አለችኝ። እኔ «ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልጋ ነው» አልኳት።

መውጣት አልነበረም የፈለገችው። መቆፈር ነበር። የየመን እስስት ወንድ ባታይም እንቁላል ትሠራለች፤ የማይፈለፈል መካን እንቁላል። ያንን ለመጣል እርጥብ አሸዋ ወይም አፈር ያስፈልጋታል፤ ጥልቅ፣ ጉድጓዱ የማይደረመስ። ካላገኘች ትይዘዋለች። ሲብስ እንደያዘችው ትሞታለች። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ዓይኖቿ ገብተው ነበር። ሐኪሟ ከሞተች በኋላ 40 እንቁላል ቆጠረችላት፤ አንዱም ፅንስ አልነበረውም። ልጄ መኪና ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ለማን ነበር?»

ጥፋቱ የእኔ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። የማንበብ ግዴታዬን ረስቼ የሻጭ ቃል አምኜ ገባሁ። ግን ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ከጥፋቴ ይልቅ አናደደኝ። ጥንቁቅ አርቢዎች ይህን ያውቃሉ። ሴቷ አብዝታ በበላችና በሞቀች ቁጥር ብዙ እንቁላል እንደምትሠራ ያውቃሉ። ሴት የሚያሳድግ ሰው ዕድሜዋ እንዲረዝም ከፈለገ ምግቧንና ሙቀቷን መቀነስ እንዳለበት ይመክራሉ። ይህ ምን ማለት ነው? እንቁላሉ የድሎት ምልክት ሳይሆን እዳ ነው ማለት ነው። በዱር ድርቁና እጥረቱ ይገታዋል፤ በሳጥን ውስጥ የሚገታው የለም። ደህና የያዛት ሰው የሚመኘው ጥቂት እንድትጥል ነው፤ የሚያራባት ሰው የሚመኘው ብዙ እንድትጥል ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሲሆኑ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ስለ ቀለሙም እንዲሁ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አቋሙን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይርን ሰው እስስት ብለን እንሰድባለን። ስድቡ ለእስስቷ ነው የሚከብደው፤ ምክንያቱም እሷ የተቀመጠችበትን አትኮርጅም። ቀለም የምትለውጠው በዋናነት ሲሞቃትና ሲበርዳት፣ ስትቆጣና ስትፈራ፣ «አልፈልግህም» ስትል ነው። ያ ሰው ልቡን ይደብቃል፤ እስስት ልቧን ቆዳዋ ላይ ትጽፋለች። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት የፓንተር እስስት ቆዳ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች የተደረደሩባቸው ሕዋሳት አሉ። እንስሳው ሲረጋ ክሪስታሎቹ ይጠጋጋሉ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሲቆጣ ይራራቃሉ፣ ቢጫና ቀይ ያንጸባርቃል። አሁን የሽያጭ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። እሳት የመሰለው ወንድ፣ ዋጋው ከሁሉ የላቀው፣ እንዲያ እንዲነድ ብዙ ጊዜ መስታወት ወይም ሌላ ወንድ አሳይተውት ነው። ገዢው ውበት ይላል። እንስሳው «ሂድልኝ» እያለ ነው። ንዴቱን ነው በዶላር የምንተምነው።

«ግን እኮ ቤት ውስጥ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ በዱር ወፍ ይበላታል፣ ድርቅ ይገድላታል» የሚልም አለ። ዕድሜ ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ የማዳጋስካሯ የላቦርድ እስስት ከእንስሳት ሁሉ የተበደለች በሆነች። ከዓመቱ የሚበዛውን የምትኖረው በእንቁላል ውስጥ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ትፈለፈላለች፣ በአራት አምስት ወር ውስጥ አድጋ፣ ተገናኝታ፣ እንቁላሏን ቀብራ ትሞታለች። ሕይወቷ ከዝናቡ ጋር የተገመደ ነው። ከዝናቡ ነጥለህ ብታስረዝምላት የሰጠሃት ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ለፈረንጅ ነገር ምን አስጨነቀህ የሚለኝ አይጠፋም። አልፌው በሄድኩ ነበር። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ባያገኘኝ ኖሮ። ፈጣን ልጅ ነው፤ ወሬ ሳይሆን ሥራ ይወዳል። «አበባ ወደ ውጭ እንልካለን፤ እስስት ብንልክ ምናለ?» አለኝ። አስቦበታል። ዱር አይነካም፤ ጥቂት ጥንድ ይዞ ያራባል፤ ልጆቹን ብቻ ይሸጣል። «የባሌዋ ባለ ሁለት ቀንድ በዓለም ሌላ ቦታ የለችም አሉ፤ አስበው ስንት እንደምታወጣ!» ስለ ብርቱካን ነገርኩት። አዘነ፤ ከዚያ «እኔ አሸዋ አደርግላቸዋለሁ» አለኝ።

የልጁ ሐሳብ ከአርቢዎቹ እምነት የቀጥታ ልጅ ነው። ማራባት ማዳን ከሆነ እሱ ምን አጠፋ? አጥፊው ሐሳቡ ራሱ ነው። ብርቅ መሆኗ ነው ዋጋዋ፤ ዋጋዋ ደግሞ የበለጠ ብርቅ ያደርጋታል። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ከባሌው የሐረና ጫካ እንጂ ከሰማይ አይወርዱም። ቢሞቱ መተኪያቸው ከዚያው ነው፤ የተራራ እስስት ደግሞ ሙቀት ሲበዛባት ቶሎ ትሞታለች። ከዱር የተያዘን «በእርባታ የተወለደ» በሚል ወረቀት ማሻገር በተሳቢ እንስሳት ንግድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በኢንዶኔዥያ አረንጓዴ ፓይተን የሚባለው እባብ በዚህ መንገድ በብዛት መውጣቱ ተጠንቷል። ኢትዮጵያ በ1989 የሳይተስ አባል ሆናለች፤ ወረቀቱ አለን። በወረቀቱና በጫካው መካከል ያለውን መንገድ ግን ማንም የገጠር ሰው ያውቀዋል።

ባሌ ውስጥ ምን እንዳለን ደግሞ ገና ቆጥረን አልጨረስንም። የሐረናዋ እስስት ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1995፣ ባለ ሁለት ቀንዷ በ1998 ነው። በ2024 ደግሞ በተራሮቹ ሰሜናዊ ገጽ ላይ የምትኖር ሌላ አዲስ ዝርያ ስም ወጣላት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2023 ነው፤ ከዓመት በኋላ አንዲት እስስት «እኔም አለሁ» አለች። እነዚህን እንስሳት የሚያኖራቸው የሐረና ደመና፣ የጫካ ቡናው ጥላ፣ ከላይ ያለው አስታ ነው። የሚያጠፋቸውም የዚህ መመንጠር ነው። ይህን ጫካ በሳጥን ውስጥ የሚያስቀጥል አርቢ እስካሁን አልተወለደም። ለአክስቴ ልጅ ሥራ ካስፈለገ፣ ማታ ማታ ባትሪ ይዞ እንግዳ ይምራ። እስስት ተኝታ ስትነጣ በብርሃን ከሩቅ ትታያለች፤ ቅርንጫፏ ላይ ተጠቅልላ ያየ ሰው ከፍሎ ይሄዳል፣ እሷ ጠዋት እዚያው ትነቃለች። ይህንን ነግሬዋለሁ። እያሰበበት ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለህ ወላጅ፣ ልጅህ አፍንጫዋን ከመስታወቱ አልነቅል ያለች ዕለት አንድ ውለታ ዋልልኝ። ሻጩ «እዚሁ የተወለደች ናት» ሲልህ ቀጥለህ ጠይቀው፦ እናቷስ የት ናት? ስንት ጊዜ ጣለች፣ በስንት ዓመቷስ ሞተች? በደንብ የተያዘች የየመን እስስት አምስት ዓመት ያህል ትኖራለች። መልሱን ከሰማህ በኋላ ካርድህን አውጣ ወይም መልሰው።

እኔ አልጠየቅኩም ነበር።